በቤቴ ያለችው ፈቃድ አልባ ኮምፒዩተር

ጡረታ የወጣሁት በገበያ ቀን ነው። ጋቢ አለበሱኝ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ኃላፊው አጭር ንግግር አደረገ። ከንግግሩ ውስጥ «ጋሽ ሰይድ የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተሮች ሁሉ አባት ናቸው» የምትል ነበረችበት። ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን «አባት» የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረችና ከዚያ ወዲያ የተባለውን በቅጡ አልሰማሁም።

ሥራውን የተረከበችኝ ሕይወት የምትባል ወጣት ናት። ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ ሰው አክባሪ ልጅ ናት። ቁልፉንና የፕሮግራም ሲዲዎቹን ሳስረክባት እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ አሁን እኮ አፕዴቱ ከላይ በራሱ ነው የሚወርደው። ላይሰንሱም እንደዚያው። የእኛ ሥራ ማየት ብቻ ነው።»

«ማየቱ ነው ከባዱ» አልኳት።

«ምኑን ነው የማየው?»

«ሰዓቱን። በየማሽኑ እየዞርሽ ቀኑንና ዓመቱን እይ።»

ሳቀች። የሽማግሌ ቀልድ መሰላት። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ላስረዳት አልቻልኩም። ይህን የምጽፈው ለእሷና እሷን ለመሰሉ ነው፤ ለሌላም ሰው ነው፣ እሱን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ።

ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ኩታበር፣ በጽሕፈት መኪና ጸሐፊነት ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል። ከኩታበር ወደ ተንታ ተዛወርኩ፤ እዚያ የቢሮዬ መስኮት ሲከፈት አምባ መቅደላ ይታየኝ ነበር። በመጨረሻ ወደ አገሬ ወደ መካነ ሰላም መጣሁና ጸጉሬ እስኪሸብት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኖርኩ።

የመጀመሪያዋ ኮምፒዩተር ስትመጣ ልዩ ክፍል ተሰጣት። ጨርቅ ለብሳ ትውላለች፣ እኛም ጫማ አውልቀን ነበር የምንገባው። የመዝገብ ቤቱ ጋሽ ይማም በሩ ላይ ቆመው ጫማቸውን እየፈቱ «ዉዱእም አድርጎ፣ ታጥቦ መግባት ያስፈልግ ይሆን? እስቲ ጠይቁልኝ» ይሉ ነበር። ጋሽ ይማም በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ቀልደኛ ናቸው፣ ሥራቸውን ግን ይጠነቀቁለታል። ስማቸው ተመልሶ ይመጣል።

ለሥልጠና ደሴ ሲልኩኝ አቶ ተፈራን እዚያ አገኘኋቸው። አቶ ተፈራ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ የነበሩ፣ ከዚያ ራሳቸውን አስተምረው የኮምፒዩተር ባለሙያ የሆኑ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። አሠልጣኙ ሌላ ነበር፤ እኔ የተማርኩት ግን በእረፍት ሰዓት እሳቸውን እየተከተልኩ ነው። ኪቦርድ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። የባለቤቱን ወንበር ስበው ይቀመጡና ለጥቂት ጊዜ ምንም ሳይነኩ ያያሉ። በማሽኑ ጀርባ ላይ የታደሰበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጽፋሉ። ፕሮግራም ከመጫናቸው ወይም ከማደሳቸው በፊት ደግሞ ባለቤቱን አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦

«ከዚህ ውስጥ ቢጠፋ የምታለቅስበት የትኛው ነው?»

ሰው ይስቃል። እሳቸው አይስቁም፤ መልሱን ይጠብቃሉ። አንድ ቀን አንዲት ጸሐፊ ይህን ስትጠየቅ ሪፖርቷን ታሳያለች ብዬ ስጠብቅ፣ ማንም በማይከፍተው የፕሮግራሙ አቃፊ ውስጥ የደበቀችውን የሕፃን ፎቶ አሳየች። ልጁ በሕይወት አልነበረም። አቶ ተፈራ መጀመሪያ ያንን ፎቶ ቀዱ፣ ከዚያ ሪፖርቱን ቀዱ፣ ከዚያ ማሽኑን አጸዱ። ስንወጣ «ሰይድ፣ ፕሮግራሙ ያንተ ነው፣ በእሱ የተጻፈው ግን የሰው ነው። ሳትጠይቅ አትሰርዝ» አሉኝ። ሁለተኛው ትምህርታቸው ደግሞ ይህ ነበር፦ «ጨረስኩ አትበል። አየሁ በል።»

ሥራውን እንዲህ ይዤው መጣሁ። በዚያ ዘመን የመሥሪያ ቤታችን ማሽኖች ሁሉ የሚሠሩት በተቀዳ ዎርድና ኤክሴል ነበር። ሰው ሲዲውን እንደ ካሴት ይዋዋሰዋል። ይህ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ሰው የደከመበትን ነገር ሳይፈቅድልህ መጠቀም ስርቆት ነው፤ ስርቆቱ በእጅ የማይያዝ ስለሆነ ስሙ አይቀየርም። አንዱ ኃላፊ ሳቀብኝ። ቀጥሎ የመጣው ሰማኝ፤ ከብዙ ደብዳቤ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሕጋዊ ፈቃድ ገዛ። ከማሽኖቻችን ብዛት የሚተርፍ ፈቃድ ነበረበት። ወንበር ለወንበር እየዞርኩ፣ እየጠየቅሁ፣ እየቀዳሁ፣ አሮጌውን አጥፍቼ አዲሱን ጫንኩ። በድሮው የኮምፒዩተር ግዕዝ ፊደል፣ ፎንት በሚባለው፣ የተጻፉት ሰነዶች በአዲሱ ፕሮግራም ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ኮተት ይሆኑ ነበርና፣ እነሱን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ፊደል መለስኩ። ኢንተርኔት ሲጠፋ እድሳቱን ደሴ ሄጄ በሃርድ ዲስክ አወርድና፣ መንገዱ እንዳይጎዳው ፎጣ ውስጥ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ አመጣው ነበር። አቀስታ ላይ ብርዱ ሲበረታ ከራሴ በፊት እሱን በጃኬቴ እሸፍን ነበር። በዚህ ሥራ እኮራለሁ፤ አሁንም።

ጀማል የበኩር ልጄ ነው። ኮምፒዩተር የተማረው በእኔ እጅ ነው። ቀላል አስተማሪ አልነበርኩም፤ ሲሳሳት ከወንበሩ አስነሥቼ ቆሞ እንዲያይ አደርገው ነበር። እጁ ፈጣን ነበረ። የዩኒቨርሲቲ ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒዩተር ቤት ከፈተ። ማመልከቻ ይጽፋል፣ ሲቪ ይሠራል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሣል። የመንጃ ፈቃድ የሚያወጣውም፣ ዓረብ አገር የምትሄደውም፣ ተመልሳ ሥራ የምትፈልገውም እሱ ጋ ነበር የሚያስጽፈው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ነገሩን አነሣው። እናቱ ዘሀራም ነበረች።

«አባ፣ መሥሪያ ቤታችሁ ትርፍ ፈቃድ አለው አሉ።»

«አለው።»

«አንዷን ቁልፍ ለእኔ ማሽን ቢያስገቡልኝስ?»

«የእኔ አይደለም። የመንግሥት ነው።»

«ቁጥር ናት እኮ አባ። እኔ ስጠቀምባት ከእናንተ ምን ይጎድላል?»

«አማና የሰጠኝ ሰው እምነት ይጎድላል። በነጻ የሚገኘውን ፕሮግራም ጭኜልህ የለም ወይ?»

«ነጻው የሰው ሲቪ ሲከፍት ሠንጠረዡን ያንሸራትተዋል። ፎቶው ሄዶ ስሙ ላይ ይቀመጣል። ትናንት አንዷ “ፊቴን ምን አድርገኸው ነው” ብላ ሰው ሰበሰበችብኝ።»

ዘሀራ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ልጁ የተናገረው እውነት መሆኑን አውቃለሁ፤ የሌላ ፕሮግራም ሰነድ ነጻው ላይ ሲከፈት በተለይ በአማርኛ መስመሩ ይዛባል።

«ታገሥ። ሠርተህ ትገዛለህ» አልኩት።

«በእርስዎ ቤት ኮምፒዩተርም ሐላልና ሐራም አለው?»

«አለው።»

«የጀማል አባት፣ ምሳውን ይብላበት እንጂ» አለች ዘሀራ። ነገሩ በዚያው አበቃ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በሱቁ በኩል ሳልፍ ዎርድ ተከፍቶ አየሁ። ከላይ የሚመጣው «ፈቃድ የለውም» የሚለው ቀይ መስመር አልነበረም።

«ከየት አመጣኸው?» አልኩት ከደጅ ሆኜ።

«ከደሴ። ክራክ ነው» አለኝ፣ ዓይኔን እያየ። አልዋሸኝም፤ እሱ ይቆጠርለት።

«አንቲቫይረሱስ?»

«እሱ ካልጠፋ አያስጭነውም።»

ክራክ የሚባለው፣ የፕሮግራምን ቁልፍ የሚሰብረው ነገር፣ ባሕሪው ይህ ነው፤ ለመግባት መጀመሪያ ዘበኛውን አስወጣልኝ ይላል። ይህን ነገርኩትና ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ሱቅ አልገባሁም። ቅጣት መሆኑ ነበር።

በዚያ ዓመት ጋሽ ይማም ትልቅ ሥራ ይዘው ነበር። ከዓረብ አገር የተመለሱ ወጣቶችን አንድ በአንድ እያነጋገሩ ይመዘግቡ ነበር፦ ምን ሙያ አላት፣ ምን መሥራት ይፈልጋል፣ ቦታ ቢሰጠው ምን ይከፍታል። በሁለት ጣታቸው እየቀጠቀጡ ወራት ፈጀባቸው። የማተሚያችን ቀለም ሲያልቅ ጋሽ ይማም ሥራቸውን በፍላሽ ይዘው ጀማል ጋ ሄደው አሳተሙ። መከልከል ነበረበት፣ ግን ሁሉም ያደርገው ነበር፤ የልጄ ቤት ስለሆነ ደግሞ የሚያምኑት ቤት ነበር።

አንድ ጠዋት ጠሩኝ።

«ሰይድ፣ ፋይሎቼ ስማቸው ተለወጠ። አንድም አይከፈት። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያወጣ፣ ና አንብብልኝ።»

ጽሑፉን እንዳየሁ መጀመሪያ የኔትወርኩን ገመድ ነቀልኩ። ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ነበር፤ ለመክፈቻው በውጭ ገንዘብ ክፈሉ ይላል። ሌሎቹ ማሽኖች እድሳቱን ስላገኙ ተከላክለውት ነበር። የጋሽ ይማም ብቻ ተበላች። ለምን እሷ ብቻ? በሌሎቹ ላይ የተጫነው እሷ ላይም ተጭኗል። የማደሻ ቅጹ ላይ ስሟ አለ፣ ፊርማዬ አለ።

አቶ ተፈራ እንዳስተማሩኝ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩና ዝም ብዬ አየሁ። ከታች በቀኝ በኩል ያለውን ቀን ያየሁት ያኔ ነው።

«ጋሽ ይማም፣ ይህ ዓመት ምንድን ነው?»

«የእኛ ዓመት ነዋ። ደብዳቤው ላይ የፈረንጅ ቀን እየጣፈ ኃላፊው ሲመልስብኝ ጊዜ አስተካከልኩት። ወር በገባ ቁጥር አስተካክለዋለሁ፣ ይሸራረፋልና።»

«ሌላ መልእክት አያመጣብዎትም ነበር?»

«ጠዋት ጠዋት አንዲት ቢጫ ነገር ትመጣለች። እዘጋታለሁ። አብሽር፣ አይዞህ፣ ሥራም አላስፈታችኝ።»

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ፈቃዱም እድሳቱም የሚጸናበት ቀን አለው። ማሽኗ በእኛ አቆጣጠር ስትኖር፣ ለእሷ የተላከው እድሳት ሁሉ ገና ሰባት ስምንት ዓመት የሚቀረው፣ ያልተሠራ ነገር ይመስላታል፤ ስለዚህ አልቀበልም ትላለች። ቢጫዋ መልእክት ይህን ነበር ጠዋት ጠዋት የምትናገረው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ቅጂ የሚይዘው ፕሮግራም ነው፤ እሱ የሚቀዳው አዲስ የተጻፈውን ብቻ ነው። የጋሽ ይማም ሥራ ትናንት የተጻፈው ሳይቀር የብዙ ዓመት አሮጌ መስሎት እያለፈው ነበር። ቅጂው ውስጥ ስፈልግ የእሳቸው አቃፊ ባዶ ነበር።

ጋሽ ይማም ፊቴን አይተው ገባቸው። «ያረቢ» ብለው ተቀመጡ። ቀጥለው «የሠራሁትን አጠፋሁት ማለት ነው?» አሉ። እኒያን ሽማግሌ ምን እላቸዋለሁ? ያበላሹት ነገር የለም። ደብዳቤያቸው በአገራቸው ቀን እንዲወጣ ፈለጉ። ታድሷል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ጨረስኩ አልኩ እንጂ አላየሁም።

ሪፖርት እንድጽፍ ታዘዝኩ። ፍላሹን ተከትዬ ሄጄ ጀማል ሱቅ ደረስኩ። የእሱም ማሽን ያው ሆኗል፤ ከዳር እስከ ዳር ተቆልፏል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያያታል። ከደጅ ሆኜ አይቼ ተመለስኩ።

ረቂቁን ኃላፊው አነበበና እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጋሽ ሰይድ፣ “ከውጭ የመጣ ፍላሽ” ይበቃል። የቤት ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም።»

«ከውጭ ሲባል የትም ነው። እዚያ ቤት ሌላም ሰው ፍላሽ ይዞ ይሄዳል። ቤቱ መጠራት አለበት።»

«ልጅዎ ነው።»

«ለዚህም ነው።»

ሁለቱንም ጻፍኩ። ቫይረሱ የገባው ከጀማል ሰይድ ኮምፒዩተር ቤት መሆኑን ጻፍኩ። ማሽኗ የተጋለጠችው እኔ ሳላይ በመፈረሜ መሆኑን ጻፍኩ። በስብሰባው ላይ ሁለቱንም ቆሜ አነበብኩ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኝ ነበር። ሰው ግን ከስብሰባው ይዞ የወጣው አንደኛውን ብቻ ነው። ሳምንት ሳይሞላ መናኸሪያ ያሉ ረዳቶች «ቫይረስ ቤት ጋ ወራጅ አለ?» እያሉ መጮህ ጀመሩ። ተሳፋሪው ይስቃል። የሱቁ ደጅ ባዶ ሆነ።

ጀማል አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ደጅ ጠበቀኝ።

«አባ፣ ስሜን ሲጽፉ እጅዎ አልተንቀጠቀጠም?»

«አልተንቀጠቀጠም» አልኩት። እውነት ነበር። ያን ጊዜ ለጥያቄ እውነተኛ መልስ ብቻ ይበቃል ብዬ አምን ነበር።

«እሺ» አለኝ።

ጋሽ ይማም ምዝገባውን እንደገና ጀመሩ። በየቀበሌው ሲዞሩ ከተመላሾቹ ብዙዎቹ «አንዴ ተመዝግበን የለም ወይ» እያሉ ተቆጡ፤ አንዳንዶቹም ተስፋ ቆርጠው ተመልሰው ወደ ዓረብ አገር ሄደው ነበር። ከሄዱት መካከል መንገዱን የሚያውቁ ሁለት ልጆች ነበሩ። ጀማል የሄደው ከእነሱ ጋር ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ ማሽኗን ጎረቤት አስቀምጦ፣ ለእናቱ ደሴ እቃ ላመጣ ነው ብሎ ወጣ።

ከብዙ ቀን በኋላ ከባሕሩ ዳር ደወለ። ዘሀራ አለቀሰች፣ መረቀችው፣ ስልኩን ሰጠችኝ። የነፋስ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

«ነገ ያሻግሩናል ይላሉ» አለኝ። «አባ፣ ኮምፒዩተሯን ቤት አስገቧት። አቧራ እንዳይበላት።»

«እሺ» አልኩት።

የመጨረሻ ቃሉ ያችው ናት። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። አብረውት ከነበሩት አንዱ በሌላ ጀልባ ተሻግሮ ነበርና፣ የጀማልን ጀልባ ከዚያ በኋላ እንዳላያት ላከብን። የደረሰች ትሆናለች የሚል አለ፤ የለም የሚል አለ። ዘሀራ ለቅሶ አንቀመጥም አለች። አልተቀመጥንም።

አሁን ልክ ነበርክ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ፣ ፈቃዱን አለመስጠቴ ልክ ነበር እለዋለሁ። ነገም ቢጠይቀኝ አልሰጠውም። ስሙን መጻፌም ልክ ነበር። ወጣቶች ይህን አንብባችሁ «ታዲያ ታማኝነት ምን ጠቀመው» እንዳትሉ። ነገር ግን በሥራ ዘመኔ ሁሉ በእያንዳንዱ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ በጸሐፊዎች፣ በዘበኞች፣ ሳቀብኝ ባልኳችሁ ኃላፊ ወንበር ሳይቀር። ልጄ ወንበር ላይ ግን አልተቀመጥኩም። ሱቁ ደጅ ቆሜ ነው የተናገርኩት።

ጡረታ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ አዋጥተው የሰጡኝ ገንዘብ ነበር። በእሱ አንድ ሕጋዊ ፈቃድ ገዛሁ፣ በጀማል ስም። ኮምፒዩተሯ ሳሎናችን ጥግ ላይ ናት፤ ዘሀራ ሻሿን አልብሳታለች። አንድ ጠዋት እጄን ታጥቤ ሻሹን አነሣሁና ከፈትኳት። ክራኩ ስለተበላሸ ቀዩ መስመር ተመልሶ መጥቷል። ከሥሩ የጀማል ፋይሎች ተቆልፈው ተደርድረዋል፤ ስማቸው ስለተለወጠ የትኛው ሲቪ፣ የትኛው ፎቶ እንደሆነ አይታወቅም። እንዲህ ያለች ማሽን ንጹሕ የምትሆነው ሁሉም ሲሰረዝ ነው። መጫኛውን አስገባሁ። መሰረዣው ላይ ደርሼ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ዘሀራ ከጓዳ ወጥታ ከኋላዬ ቆማ ነበር።

«የጀማል አባት፣ ምን ልታደርጋት ነው?»

«አጥፍቼ በንጹሕ ልጭንላት። ሲመጣ ተዘጋጅታ ያገኛታል።»

«ባለቤቷን ጠይቀሃል?»

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ያን ጥያቄ ለዓመታት ከሥራ ስመለስ እየደጋገምኩ አውርቼላታለሁ፤ የሰው መልስ እየነገርኳት አብረን ስቀናል። መጫኛውን አወጣሁት።

ፈቃዱ ሳይነካ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፤ ለሌላም ሰው ነው ያልኩት ይህ ጽሑፍ የጀማል ነውና፣ አብሮት ይቀመጣል። ጁምዓ ከመስጊድ ስመለስ ሻሹን አነሣና ኮምፒዩተሯን እከፍታታለሁ። በጀማል ወንበር ላይ ተቀምጬ መጀመሪያ ቀኑንና ዓመቱን አያለሁ፤ ትክክል ነው። ከላይ ቀዩ መስመር ይመጣል፣ ፈቃድ የላትም ይለኛል። አውቃለሁ እለዋለሁ። ከዚያ አጠፋትና ሻሿን መልሼ አለብሳታለሁ።